ከኦክላሆማ ሲቲ በስተሰሜን፦ ቶርኔዶ መንገድ ላይ የደረሰበት ቤተሰብ

ጉዳዩ ለምን ይጻፋል

ስለ ቶርኔዶ (ከደመና እስከ መሬት እየተሽከረከረ የሚወርድ ኃይለኛ ነፋስ) የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ቤቱ ላለ ሰው የታሰበ ነው። ምድር ቤት ውረድ፣ ከመስኮት ራቅ፣ ራስህን ሸፍን ይላል። መንገደኛ ግን ምድር ቤት የለውም። የሚያውቀው ጎረቤትም የለውም። ያለበትን ቦታ ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ቤተሰብ ማስጠንቀቂያ አልጎደለውም። ስልኩም ነግሮታል፣ ሬዲዮውም ነግሮታል። ያቃተው የተነገረውን ነገር እሱ ካለበት ቦታ ጋር ማገናኘት ነበር። ብዙ መንገደኛ የሚቸገረው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ጉዳዩ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ የፈለግኩትም ለዚህ ነው።

ታሪኩን የሰማሁት ከባልና ሚስቱ፣ እንዲሁም በስልክ ከረዳቸው ዘመድ ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ተስማምተናል። ሰዓቶቹን በአሜሪካ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ተጓዦቹና ዕቅዳቸው

ተጓዦቹ አራት ናቸው። ባል፣ ሚስት፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃቸውና የባልየው እናት። ከዳላስ ተነስተው ካንሳስ ሲቲ ሊገቡ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የዘመዳቸው ልጅ ይመረቃል። መንገዱ ኢንተርስቴት 35 ነው። ከቴክሳስ ወጥቶ ኦክላሆማን ከደቡብ እስከ ሰሜን ሰንጥቆ ካንሳስ ይገባል። ጉዞው ወደ 890 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙ ሳይቆሙ ቢነዱት ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ወሩ ሜይ ነበር። በኦክላሆማ ቶርኔዶ በብዛት የሚታይበት ወር ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብ ከሚመጣው ደረቅ አየር ጋር እዚያ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ከላይ ያለው ነፋስ ከታችኛው በፍጥነትም በአቅጣጫም ሲለይ ደግሞ ደመናው መሽከርከር ይጀምራል። እንዲህ እየተሽከረከረ የሚጓዘው ደመና ሱፐርሴል ይባላል። ኃይለኞቹ ቶርኔዶዎች በአብዛኛው የሚወጡት ከእሱ ነው።

ዕቅዱ ጠዋት 7 ሰዓት ላይ ለመነሳት ነበር። የተከራዩት መኪና ግን በሰዓቱ አልቀረበም። ዳላስን የለቀቁት እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው።

ጠዋት የታየው ምልክት

ሚስትየው መኪናውን ሲጠብቁ ትንበያውን አይታ ነበር። በአሜሪካ የከባድ ማዕበል ትንበያ የሚያወጣው ማዕከል የሚገኘው ኦክላሆማ ውስጥ፣ ኖርማን ከተማ ነው። ቤተሰቡ በዚያው ቀን አጠገቡ አልፏል። ማዕከሉ የቀኑን ስጋት በ5 ደረጃ ከፍሎ በካርታ ያሳያል። በዚያ ቀን ሰሜን ኦክላሆማና ደቡብ ካንሳስ 3ኛው ደረጃ ላይ ነበሩ።

ለባሏ አሳየችው። «እኛ እስከዚያ አልፈን እንሄዳለን» አላት። ይህ መልስ በ7 ሰዓቱ ዕቅድ ቢታይ ልክ ነበር። በጠዋት ቢወጡ ኖሮ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ላይ ካንሳስ ሲቲ ዳርቻ ይደርሱ ነበር። በዚያ አካባቢ ቶርኔዶ በብዛት የሚነሳው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሲነሱ ግን አደገኛው ቦታ ላይ በአደገኛው ሰዓት መድረሳቸው ነበር። የመነሻ ሰዓቱ ተቀይሮ ሳለ መልሱ አልተቀየረም። ማንም «እንደገና እንየው» አላለም። ለእኔ የዚያ ቀን ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሲፈጸም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ወደ 2፡30 ገደማ፣ ምሳ ሲበሉ፣ ማዕከላዊና ሰሜን ኦክላሆማን የሚሸፍን የቶርኔዶ «ዎች» ወጣ። ይህ ሁኔታው ለቶርኔዶ የተመቸ ነው፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። ለብዙ ሰዓታት ይቆያል፣ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ቶርኔዶ በራዳር ሲታይ ወይም ሰው በዓይኑ ሲያየው የሚወጣው ግን «ዋርኒንግ» ነው፤ አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው። ልዩነቱን ሚስትየው ታውቅ ነበር። ያላወቀችው ሌላ ነገር ነው። ስልክን በግድ የሚያስጮኸው የአደጋ መልእክት የሚላከው ለዋርኒንግ እንጂ ለዎች አይደለም። የስልኳ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ደግሞ ዳላስ ላይ እንደተስተካከለ ነበር። ዳላስ ፀሐይ ነው አላት።

ችግሩ ሲጀምር

ጋትሪ የምትባለውን ከተማ አልፈው ወደ ሰሜን ሲነዱ በግራ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። ካርታው መንገዱን አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል፤ ምንም መዘግየት የለም። ካርታው የሚያውቀው የመኪና መጨናነቅን ነው፣ ደመናውን አያይም። ባልየው ማዕበሉን ለመቅደም ፍጥነት ጨመረ።

5 ሰዓት ሊሞላ ሲል የባልና የሚስት ስልኮች አንድ ላይ ጮኹ። መልእክቱ አጭር ነው። በዚህ አካባቢ የቶርኔዶ ዋርኒንግ አለ፣ አሁኑኑ ተጠለሉ። ከየት እንደሚመጣ አይልም። ወዴት እንደሚሄድም አይልም። ሬዲዮ ከፈቱ። ሬዲዮው ብዙ ይናገራል፣ ግን በካውንቲ (ስቴቱ በተከፋፈለባቸው ወረዳዎች) ስም ነው። ምዕራብ ሎጋን፣ ደቡብ ኖብል፣ ፔይን እያለ ይቆጥራል። ባልየው «እኛ ያለነው የቱ ውስጥ ነው?» ሲል መኪና ውስጥ የመለሰለት አልነበረም።

በዚያ አካባቢ ኢንተርስቴት 35 በጥቂት ማይል ውስጥ ከሎጋን ወደ ፔይን፣ ከፔይን ወደ ኖብል ይሻገራል። የካውንቲው ስም ድንበሩ ላይ በቆመ ትንሽ ምልክት ተጽፎ ይታለፋል። በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚነዳ እንግዳ ሰው ያ ምልክት ምኑም አይደለም። ለአገሩ ሰው ግን ሕይወት የሚያተርፍ መረጃ ነው።

ዝናቡ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ የጎልፍ ኳስ የሚያክል በረዶ መውረድ ጀመረ። የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው «ልጄ ቁም፣ በቃ ቁም!» አሉ።

ከድልድዩ ሥር

ፊት ለፊት መንገዱን የሚያቋርጥ ድልድይ ነበር። ከሥሩ ብዙ መኪና ቆሟል፤ ጠርዙ ሞልቶ በቀኝ መስመር ላይ የቆሙም ነበሩ። ባልየው ከኋላቸው ገብቶ ቆመ። በረዶው ቆመላቸው። ሁሉም ተነፈሱ።

የድልድይ ሥር መጠለያ ይመስላል። ይህ እምነት በሰፊው የተዛመተው ኤፕሪል 26 ቀን 1991 ካንሳስ ውስጥ ከተቀረጸ ቪዲዮ በኋላ ነው። የቴሌቪዥን ሠራተኞችና ሌሎች መንገደኞች ከድልድይ ሥር ተጠግተው ሲተርፉ ያሳያል። የተረፉት ግን ቶርኔዶው ደካማ ስለነበረና በቀጥታ በላያቸው ስላላለፈ ነው። ሜይ 3 ቀን 1999 ኦክላሆማ ውስጥ ሦስት ሰዎች በሦስት የተለያዩ ድልድዮች ሥር ተጠግተው ሞተዋል። ከሦስቱ ድልድዮች አንዱ በዚሁ መንገድ ላይ፣ ፔይን ካውንቲ ውስጥ ነው። ነፋስ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። ወደ ድልድዩ ጥግ ሽቅብ የወጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ ኃይለኛ ነፋስ ላይ ይወጣል። የሚበር ቆርቆሮና እንጨት የሚከለክለው ነገር የለም። የቆሙት መኪኖችም ለሌላው መውጫ ይዘጋሉ።

ሚስትየው ይህን ሁሉ አላሰበችም። ያደረገችው አንድ ነገር ግን ሁሉንም ለወጠው። ዳላስ ላለው ወንድሟ ደወለችና ያሉበትን ቦታ በስልኳ አጋራችው። ወንድሟ ራዳር ማንበብ የሚወድ ሰው ነው። ቤቱ ተቀምጧል፣ ኢንተርኔቱ አይቆራረጥም፣ እጁ አይንቀጠቀጥም።

በወቅቱ ባልየው ሌላ ሐሳብ ይዞ ነበር። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰማዩ ብሩህ ነው። በሚቀጥለው መውጫ ዞሮ ወደ ደቡብ፣ ወደ ብርሃኑ መመለስ ፈለገ። ወንድምየው በስልክ «በፍጹም እንዳትሞክረው! ብርሃኑ ከሱ ማዶ ነው። በእናንተና በብርሃኑ መሀል ያለው እሱ ራሱ ነው» አለው።

ይህን ነጥብ ማብራራት አለብኝ። እዚያ አገር ሱፐርሴል በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ዝናቡና በረዶው ከፊት ይወርዳል። ቶርኔዶው የሚገኘው ከኋላ፣ በደቡብ ምዕራብ ጫፉ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንገዱ ላይ ለቆመ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ዝናብ ይመጣል፣ ቀጥሎ በረዶ፣ ከዚያ ነገሩ ጋብ ያለ ይመስላል። ያ ፋታ ያታልላል። ሰው «አለፈ» ብሎ ከተጠለለበት የሚወጣው በዚያች ሰዓት ነው። የእነሱም በረዶ የቆመው ማዕበሉ ስላለፈ አልነበረም።

ወንድምየው ያየው የተሽከረከረው ክፍል ከእነሱ በስተምዕራብ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ 10 ማይል ያህል ርቀት ላይ ነው። በሰዓት 35 ማይል ገደማ ይጓዛል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ መንገዱን ከኋላቸው ይቆርጠዋል። «እህቴ፣ ማይሉ ስንት ይላል?» አላት። መንገድ ዳር የቆመውን ቁጥር አይታ ነገረችው። «ሁለት ማይል ወደፊት መውጫ አለ። ነዳጅ ማደያ ያለው። ውጡና ሕንፃው ውስጥ ግቡ። ከዚያ በላይ አትነዱ» አላት።

የቁጥሩ ነገር ቀላል መስሎ ቢታይም ትልቅ ነው። በኦክላሆማ የኢንተርስቴት 35 ማይል ከቴክሳስ ድንበር 0 ብሎ ይጀምርና ካንሳስ ድንበር ላይ 236 ይደርሳል። የመውጫዎቹ ቁጥርም ከማይሉ ጋር አንድ ነው። ማይሉን ያወቀ ሰው ስንት ማይል ሲቀረው እንደሚወጣ ወዲያው ያውቃል።

ነዳጅ ማደያው ውስጥ

ባልየው መኪናውን ከበረዶ ለማዳን ከነዳጅ መቅጃው ጣሪያ ሥር ሊያቆም ነበር። የማደያው ሠራተኛ በር ላይ ቆማ በእጇ እያጣደፈች ከለከለችው። ያ ጣሪያ በጥቂት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ሰፊ ቆርቆሮ ነው። ኃይለኛ ነፋስ መጀመሪያ ከሚጥላቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ከዚያ ሠራተኛዋ ያደረገችው ነገር የሚደነቅ ነው። መንገደኞቹን ከመስታወት ግድግዳው አራቀች። ሕፃናትና አዛውንት ያሉበትን ወደ መታጠቢያ ክፍል፣ ሌላውን ወደ መጠጥ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገባች። ሁለቱም መስኮት የሌላቸው የውስጥ ክፍሎች ናቸው። ሜይ 22 ቀን 2011 ሚዙሪ ውስጥ ጆፕሊን ከተማን የመታው ቶርኔዶ ከ150 ሰው በላይ ሲገድል፣ በአንድ ነዳጅ ማደያ ማቀዝቀዣ ውስጥ የታጨቁ ሰዎች ተርፈዋል። ማደያው ፈርሷል።

እዚያው ሁለት ችግር ታየ። ልጅቷ መኪና ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ነበርና ባዶ እግሯን ገባች። አንድ መስታወት ቢሰበር መራመድ አትችልም ነበር። የአያቷ የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው። ባልየው ሊያመጣ ሲወጣ እናቱ እጁን ይዘው አስቀሩት።

መብራት ጠፋ። ነፋሱ ጮኸ። ከዚያ ቆመ። ቶርኔዶውን አንዳቸውም አላዩትም፤ በዝናብ ተሸፍኖ ነበር። ከእነሱ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱን አቋርጦ በእርሻ ሜዳ ላይ አለፈ። የሚመለሱበት መንገድ ላይ ማለት ነው።

የዚያ ቀን ሌሊት

ዋርኒንጉ ሲያበቃ ባልየው ጉዞውን መቀጠል ፈለገ። ምረቃው ነገ ጠዋት ነው። ሚስትየው እምቢ አለች፤ ወንድሟም ከሰሜን ሌላ ማዕበል እየተሰለፈ መሆኑን ነገራት። ደግሞም ሊጨልም ነው። የሌሊት ቶርኔዶ ከቀኑ በጣም የከፋ ገዳይ ነው፤ አይታይም፣ ሰውም ተኝቷል። ጎርፉም አለ። 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትንንሽ መኪኖችን ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኞቹን ይዞ ይሄዳል። በጨለማ ደግሞ የውሃውን ጥልቀት ማየት አይቻልም።

እዚያው አቅራቢያ ሆቴል አደሩ። ጎህ ሳይቀድ ተነሱ። ምረቃው ላይ የደረሱት ከተጀመረ በኋላ ነው።

የጠቀመውና ያልጠቀመው

ከሁሉ በላይ የጠቀማቸው ሩቅ ያለው ሰው ነው። መኪና ውስጥ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ልጅ ያባብላል፣ ስልኩ ይቆራረጣል። ተረጋግቶ ራዳር የሚያይ ሰው አልነበረም። ወንድምየው ሦስት ነገር ብቻ ነገራቸው፦ የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ። ዋርኒንግ ቶርኔዶው ከመድረሱ በፊት የሚሰጠው ጊዜ በአማካይ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ረጅም ማብራሪያ አይጠቅምም።

የማደያዋ ሠራተኛም ቤተሰቡ ያልጠበቀው ዕድል ነበረች። ያካባቢው ሰው ነገሩን ኖሮበታል። እንዲህ ዓይነት ሰው ግባ ሲል መግባት፣ ውጣ ሲል መውጣት ነው፤ ለክርክር ጊዜ የለም።

ማዕበሉን ለመቅደም መሞከሩ፣ የድልድዩ ሥርና ወደ ብርሃኑ ለመመለስ ማሰቡ ሦስቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። ሁሉም በዓይን ብቻ በሚታየው ላይ ተመሥርተዋል። በዓይን የሚታየው ደግሞ በዝናብ ውስጥ ምንም አይደለም።

አንዳንዱ ሰው ከዚህ ታሪክ «እንግዲያው በመኪና መሸሽ ይቻላል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። በዚህ አልስማማም። ሁለት ማይል ነድተው የተረፉት መንገዱ ክፍት ስለነበረና አቅጣጫውን በእርግጠኝነት የሚነግራቸው ሰው ስለነበረ ነው። ሜይ 31 ቀን 2013 እዚያው ኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ አጠገብ፣ 4.2 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቶርኔዶ ወጣ። ያን ዕለት ብዙ ሕዝብ በመኪና ለመሸሽ ወጥቶ መንገዶቹ ተጨናነቁ። ከሞቱት 8 ሰዎች አብዛኞቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ ከእነሱም ሦስቱ ማዕበል በመከታተል የሚታወቁ ባለሙያዎች ነበሩ። ቶርኔዶን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች መኪና ካላዳናቸው እኛን ያድነናል ማለት አይቻልም። መኪናው ወደ ጠንካራ ሕንፃ መድረሻ ብቻ ነው።

ሕንፃ ከሌለስ? ምርጫው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ጥሩ አይደሉም። ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቦታ ካለ ከመኪናው ራቅ ብሎ እዚያ በደረት ተኝቶ ራስን መሸፈን። ካልተቻለ መኪናው ውስጥ ቀበቶ እንዳሰሩ ከመስኮቱ በታች አጎንብሶ ጭንቅላትን በእጅና በልብስ መከለል።

ለሌላ መንገደኛ

ውሳኔው የሚደረገው ጠዋት ነው። በዚያ ወቅት መካከለኛውን አሜሪካ የሚያቋርጥ ሰው የቀኑን ካርታ አይቶ ከ4 ሰዓት በኋላ የት እንደሚሆን ያስላ። የመነሻ ሰዓቱ ከተቀየረ ስሌቱም ከመጀመሪያው ይሠራ። አንድ ቀን ማደር ከምንም ነገር ይረክሳል።

የምታልፉባቸውን ካውንቲዎች ስም በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ሲጮህ ለመፈለግ ጊዜ የለም። ጎን የተቀመጠው ሰው የመጨረሻውን የማይል ቁጥር በየጊዜው ይያዝ። የስልኩ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የምትኖሩበትን ከተማ ሳይሆን ያላችሁበትን ቦታ እንዲከተል አስተካክሉት። ከመነሳታችሁ በፊት ቤቱ የሚውል፣ የሚረጋጋ ዘመድ መርጣችሁ ቦታችሁን አጋሩት፣ «በዚህ ሰዓት ስልክህን አትዝጋ» በሉት።

ጫማ እግር ላይ፣ መድኃኒትና ቻርጀር እጅ ላይ ባለ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ሆቴል ስትገቡ ደግሞ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ሆቴሉ ያለው በየትኛው ካውንቲ ነው? ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እንግዳው የት ነው የሚገባው? ታችኛው ፎቅ ላይ ክፍል ካለ እሱን ውሰዱ። ይህ ቤተሰብ በዚያ ሌሊት የጠየቀው ይህንኑ ነው። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ምድር ላይ ካለው ኮሪደር በስተኋላ ያለውን መስኮት የሌለው ክፍል ወስዶ አሳያቸው። እናትየው ቦታውን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ለመተኛት የተስማሙት።